ሰርቪስ ፓክ መቼና እንዴት እንጫን? ከወሎ አንባቢያን ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከወሎ የደረሱን ናቸው፤ ሁሉም የድርጅት ዳታቤዝ ሶፍትዌርን ወቅታዊ ስለማድረግ፣ በተለይም ስለ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ሰርቪስ ፓክ (ሶፍትዌሩ ከወጣ በኋላ የተሠሩ እርማቶችን በአንድ ላይ የያዘ ጥቅል) አጫጫን የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጠያቂዎቻችን የሰርቨሮቻቸውን ክፍተት በግልጽ ስለጻፉልን፣ ስማቸውንና የሚሠሩበትን ድርጅት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የፋይናንስ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የክምችት፣ የደመወዝና የሽያጭ መረጃችን በሙሉ የሚገኘው በኤስኪውኤል ሰርቨር 2016 ላይ ነው። ሶፍትዌሩን የተከሉልን ባለሙያዎች ከሄዱ ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ሰርቨሩን በምናስተዳድርበት ፕሮግራም፣ በማኔጅመንት ስቱዲዮ፣ ከሰርቨሩ ስም አጠገብ የሚታየው ቁጥር 13.0.4001 ነው። ሰርቪስ ፓክ 3 እንዲጫን ሐሳብ ባቀርብ ኃላፊያችን «የሚሠራን ነገር ለምን ትነካካላችሁ?» አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ከፈቀዱልኝስ ሥራውን ከምን ልጀምር?

መልስ፦ የላኩልን ቁጥር ብዙ ነገር ይነግረናል። መጀመሪያ ያለው 13 የ2016ን ምርት የሚያመለክት ሲሆን፣ 4001 የሚለው ደግሞ ሰርቪስ ፓክ 1 ተጭኖ ከዚያ በላይ ምንም እንዳልተጨመረበት ያሳያል። ሰርቪስ ፓክ 2 ቢኖርበት 5026፣ ሰርቪስ ፓክ 3 ቢኖርበት ደግሞ 6300 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ያዩ ነበር። ሰርቪስ ፓክ 1 የወጣው ኅዳር 2009 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የተሠራ አንድም እርማት ሰርቨርዎ ዘንድ አልደረሰም።

ኃላፊዎ ያነሡት ስጋት በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የደመወዝ ሰሞን ሰርቨሩ ቢቆም ሠራተኛው ፊት የሚቀርቡት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሲያስረዷቸው ከስጋታቸው ቢነሡ ይሻላል፤ ሰርቨሩ እንዳይቆም የሚፈልጉ ከሆነ፣ ባልታረመ ሰርቨር መቀጠልም እንዲሁ የመቆም አደጋ እንዳለው በምሳሌ ያሳዩአቸው። ሶፍትዌሩ ባለበት ቢቆምም ድክመቱን የሚያውቀው ሰው ቁጥር በየጊዜው ይጨምራል፤ ምክንያቱም አምራቹ እርማት ባወጣ ቁጥር የተስተካከለው ምን እንደሆነ ስለሚያስታውቅ፣ ያልታረመው ሰርቨር በየት በኩል እንደሚጠቃ ጭምር ለአጥቂው ይታወቃል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ስላመር ተብሎ የሚታወቀው ትል (በራሱ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም) ነው። ጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም. የተነሣው ይህ ትል በኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ውስጥ የነበረን አንድ ስሕተት በመጠቀም በ1434 ቁጥር የዩዲፒ ፖርት (ከኔትወርክ ወደ ሰርቨሩ መግቢያ በር) በኩል ይገባ ነበር። መጠኑ 376 ባይት ብቻ ነበር፤ ይሁንና ለጥቃት ከተጋለጡት ሰርቨሮች አብዛኞቹን ለመያዝ 10 ደቂቃ ያህል በቅቶታል፤ የተያዙትም ቢያንስ 75,000 እንደሚሆኑ ተገምቷል። በደቡብ ኮሪያ የኢንተርኔት አገልግሎት ተስተጓጉሏል፤ በአሜሪካ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ሥራ አቁመዋል። ለኃላፊዎ በተለይ ሊነግሯቸው የሚገባው ነገር ግን የጥቃቱን ስፋት አይደለም፤ ማይክሮሶፍት ያንን ስሕተት የሚያስወግደውን እርማት ያወጣው ሐምሌ 1994 ዓ.ም. መሆኑን ነው። በመካከሉ ስድስት ወር ነበር። በተጎዱት ድርጅቶች ውስጥም «የሚሠራን ነገር አትንኩ» ያሉ ኃላፊዎች እንደነበሩ መገመት አያስቸግርም። በዚያ ላይ ኤም ኤስ ዲ ኢ የሚባለው የዳታቤዙ ትንሹ ዓይነት ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር ተደርቦ ይጫን ስለነበር፣ ብዙዎች በኮምፒዩተራቸው ላይ ኤስኪውኤል ሰርቨር መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር።

ሁለተኛው የሚያስረዷቸው ነገር የድጋፍ ዘመን ነው። በምርቶቹ ስም ላይ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቀኖች ግን በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የ2012 ምርት ድጋፍ ሐምሌ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የ2014ቱ ደግሞ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል። የእርስዎ የ2016ቱ ምርት የተራዘመ ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን ሐምሌ 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ይህ ቀን የሒሳብ ዓመታቸውን ሰኔ 30 ለሚዘጉ ድርጅቶች እጅግ የማይመች ነው፤ የፋይናንስ ክፍል ቆጠራና መዝጊያ ሒሳብ ላይ ተጠምዶ ሳለ ስለ ሰርቨር የሚያስብ ሰው አይገኝምና። ሰርቪስ ፓክ 3 መጫን ለአሁኑ የሚያስፈልግ ሥራ ቢሆንም የጉዞው መጨረሻ እንዳልሆነ፣ ወደ አዲስ ምርት መሸጋገሪያው በጀትም በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ መያዝ እንዳለበት አብረው ያንሡ። ለማነጻጸር ያህል፣ የ2022ቱ ምርት ድጋፍ እስከ ጥር 2025 ዓ.ም. ይዘልቃል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ሰርቪስ ፓክ የቀደሙትን ጠቅልሎ የሚይዝ ስለሆነ፣ ሰርቪስ ፓክ 2ን መሐል ላይ መጫን ሳያስፈልግዎ ከ1 በቀጥታ ወደ 3 መሄድ ይችላሉ። መጫኑ ራሱ ጥቂት ገጾችን እያነበቡ ወደ ፊት መሄድ ብቻ ነው። ሰው የሚወድቀው በዝግጅቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዎን ለዝግጅቱ ይስጡ።

ከሁሉ በፊት ዲቢሲሲ ቼክዲቢ የሚባለውን የጤንነት ምርመራ በእያንዳንዱ ዳታቤዝ ላይ ያሂዱ። ቀድሞ የተበላሸ ዳታቤዝ ካለ፣ ከሰርቪስ ፓኩ በኋላ ሲታይ ጥፋቱ በእርስዎ ላይ ይላከካል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የተበላሸውን ዳታቤዝ ባክአፕ ይዘው «ተዘጋጅቻለሁ» ማለትዎ ነው። ምርመራው ንጹሕ ከሆነ የሁሉንም ዳታቤዞች ሙሉ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ቼክሰም በሚባለው የቅጂውን ትክክለኛነት በሚቆጣጠር አማራጭ ይውሰዱ። ብዙ ሰው የድርጅቱን ዳታቤዝ ብቻ ይይዝና የሰርቨሩን የራሱን ዳታቤዞች፣ ማስተርንና ኤምኤስዲቢን፣ ይረሳል፤ የተጠቃሚዎች መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚቀመጠው በማስተር ውስጥ፣ በየሌሊቱ የሚሠሩ የታቀዱ ሥራዎች ደግሞ በኤምኤስዲቢ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። የማስተር ባክአፕ የሚመለሰው በተወሰደበት ቁጥር ላይ ወዳለ ሰርቨር ብቻ ነው። በ4001 ላይ የወሰዱትን የማስተር ባክአፕ በ6300 ላይ ባለ ሰርቨር ላይ መመለስ አይችሉም፤ ስለዚህ ሰርቪስ ፓኩ ከተጫነና ሥራው ከተረጋገጠ በኋላ ወዲያውኑ አዲስ ባክአፕ መውሰድ የሥራው አንድ ክፍል ነው።

ባክአፑን ከወሰዱ በኋላ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልሰው ይክፈቱት። ፋይሉ መነበብ መቻሉን ብቻ የሚያረጋግጠው ትዕዛዝ ለዚህ አይበቃም። የዴቨሎፐር እትም ለሙከራ በነጻ የሚፈቀድ ስለሆነ፣ በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ላይ የ2016ቱን የዴቨሎፐር እትም ተክለው፣ ሰርቪስ ፓክ 1 ላይ አድርሰው፣ የፋብሪካውን ዳታቤዝ እዚያ ላይ መልሰው፣ ከዚያም ሰርቪስ ፓክ 3ን እዚያው ላይ ይጫኑ። የክምችትና የደመወዝ ፕሮግራሙን ከዚህ የሙከራ ሰርቨር ጋር አገናኝተው የአንድ ወር የደመወዝ መዝገብ ያሠሩበት። ይህን ውጤት በወረቀት አትመው ለኃላፊዎ ቢያቀርቡላቸው፣ እኛ እዚህ ከጻፍነው ማብራሪያ ሁሉ ይልቅ ያሳምናቸዋል።

የባክአፑ አንድ ቅጂ ከኮምቦልቻ ውጭ ይቀመጥ። በ2014ቱ ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ስንት ተቋማት ኮምፒዩተሮቻቸውን ከነመዝገባቸው እንዳጡ ለወሎ ሰው የሚነገር አይደለም። ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ውጫዊ ዲስክ ከዲስክ ብልሽት ያድናል እንጂ ከዘረፋም ከእሳትም አያድንም።

ለሥራው የደመወዝና የወር መዝጊያ ሰሞን ያልሆነ ምሽት ይምረጡ፤ ፋብሪካው በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የክምችት ክፍሉ በዚያ ሌሊት ዕቃ የሚያወጣው በወረቀት መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። ዊንዶውስ ቀድሞ የቀረ ሪስታርት ካለበት መጫኛው ስለሚቆም፣ አስቀድመው ሪስታርት ያድርጉት። ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኙትን ፕሮግራሞችና ሰርቪሶች ሁሉ ያቁሙ። መጫኛው አንድ ገጽ ላይ ገና በሥራ ላይ ያሉ ፋይሎችን ዘርዝሮ ያሳያል፤ ያንን ገጽ ሳያነቡ አይለፉት።

መጫኛው «ተሳክቷል» ካለ በኋላ ሰርቨሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የውስጥ ስክሪፕቶችን (ተከታታይ ትዕዛዞች የተጻፉባቸውን ፋይሎች) ያሂዳል። በዚያን ጊዜ ለመግባት የሚሞክር ተጠቃሚ ሰርቨሩ በስክሪፕት ማሻሻያ ላይ እንደሆነና አስተዳዳሪ ብቻ መግባት እንደሚችል የሚገልጽ 18401 የሚል ቁጥር ያለው መልእክት ያያል። ይህ ስሕተት አይደለም። ደንግጠው ሰርቨሩን እንዳያጠፉት፤ ይታገሡ። ሲያበቃ በማኔጅመንት ስቱዲዮ ቁጥሩ መለወጡን አይተው፣ የኤረር ሎጉን (ሰርቨሩ ስሕተቶችንና ክንውኖችን የሚመዘግብበትን ፋይል) አንብበው፣ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ያስነሡ። ከሰርቪስ ፓክ 3 በኋላም የደህንነት እርማቶች ወጥተዋል፤ እነርሱ የሚጫኑት ሰርቪስ ፓክ 3 ባለበት ሰርቨር ላይ ስለሆነ በዚያው ሥራ ላይ የመጨረሻውን ጨምረው ይጫኑት።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ በአንድ የጤና ተቋም የመረጃ ክፍል ባልደረባ ነኝ። ሰርቪስ ፓክ 3ን ስጭን መጨረሻ ላይ የዳታቤዝ ሞተሩ እስኪነሣ መጠበቁ እንዳልተሳካ የሚገልጽ መልእክት ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰርቪሱ አልነሣም አለ፤ ባስነሣሁት ቁጥር ወዲያው ይቆማል። በኤረር ሎጉ ውስጥ 912 እና 3417 የሚሉ ቁጥሮች አየሁ። ከወራት በፊት አሮጌውን ዲስክ አውጥተን አዲስ አስገብተን ነበር፤ እስከ አሁን ግን በደህና ይሠራ ነበር። የታካሚዎች መረጃ ጠፍቶ ይሆን? ሁሉን ነቅዬ እንደገና ልትከለው?

መልስ፦ አይንቀሉት። የታካሚዎች መረጃ ባለበት ዳታቤዝ ላይ ጉዳት ደርሷል የሚያሰኝ ነገር በጻፉልን ውስጥ የለም። 912 የሚለው መልእክት የማስተር ዳታቤዝ የውስጥ ማሻሻያ ስክሪፕት መሐል ላይ መቋረጡን፣ 3417 ደግሞ በዚህ ምክንያት ማስተር ሊነሣ ስላልቻለ ሰርቨሩ ራሱን ማቆሙን የሚናገሩ ናቸው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ውጤቱ ነው። ምክንያቱን የሚያገኙት ከእነርሱ ቀደም ብሎ በተጻፈው መስመር ላይ ስለሆነ፣ ኤረር ሎጉን ከታች ወደ ላይ ያንብቡት። እንደ ግምታችን 5133 የሚል ቁጥርና «ይህ ማውጫ አልተገኘም» የሚል ፍሬ ያለው መልእክት ያገኛሉ፤ በዚያው መስመር ላይም የአሮጌውን ዲስክ አድራሻ ያነባሉ።

የሆነው ይህ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር አዲስ ዳታቤዝ ሲፈጠር ፋይሉን የት እንደሚያስቀምጥ የሚያመለክት ነባሪ አድራሻ አለው። ዲስኩን ስትለውጡ የነበሩትን ዳታቤዞች ወደ አዲሱ አዛውራችኋል፤ ነባሪው አድራሻ ግን የጠፋውን ዲ ድራይቭ ወይም የጠፋውን ፎልደር እያመለከተ ቀርቷል። በዕለት ተዕለት ሥራ አዲስ ዳታቤዝ ስለማይፈጠር ችግሩ አልታየም። የሰርቪስ ፓኩ ስክሪፕት ግን በሥራው መካከል አንድ ጊዜያዊ ዳታቤዝ በዚያ አድራሻ ላይ ይፈጥራል፤ አድራሻው ስለሌለ ስክሪፕቱ ይወድቃል፤ ስክሪፕቱ ካልተፈጸመ ደግሞ ሰርቨሩ አይነሣም።

የጠፋው ፎልደር ብቻ ከሆነና ድራይቩ ካለ፣ ፎልደሩን በዚያው ስምና ቦታ ፈጥረው ሰርቪሱ ለሚሠራበት አካውንት ሙሉ ፈቃድ ይስጡትና ሰርቪሱን ያስነሡ፤ ስክሪፕቱ ከተቋረጠበት ሥራ ተነሥቶ ይጨርሳል። ድራይቩ ራሱ ከሌለ ግን አድራሻውን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ለዚያም ሰርቨሩ መነሣት አለበት። በኮንፊገሬሽን ማኔጀር ውስጥ የሰርቪሱን ንብረቶች ከፍተው፣ የመነሻ ፓራሜትሮች በሚለው ገጽ ላይ ትሬስ ፍላግ 902ን ይጨምሩ፤ አጻጻፉ ሰረዝ፣ ትልቁ የእንግሊዝኛ ቲ ፊደልና 902 ያለ ክፍተት ተከታትለው ነው። ይህ ምልክት ሰርቨሩ የማሻሻያ ስክሪፕቱን ሳያሂድ እንዲነሣ ያደርገዋል። ሲነሣ በማኔጅመንት ስቱዲዮ ገብተው፣ በሰርቨሩ ንብረቶች ውስጥ የዳታቤዝ ቅንብር በሚለው ገጽ ላይ የዳታና የሎግ ነባሪ አድራሻዎችን በአዲሱ ዲስክ ላይ ወዳሉ እውነተኛ ፎልደሮች ይለውጡ። ከዚያ ምልክቱን ያውጡና ሰርቪሱን እንደገና ያስነሡ።

አጥብቀን የምናሳስብዎ አንድ ነገር አለ። ሰርቨሩ በ902 ሲነሣ ሁሉ ነገር የሚሠራ ስለሚመስል፣ ወረፋ የያዘ ታካሚ በበር ላይ ባለበት ሰዓት «ለዛሬ እንዲሁ ይሥራ» ለማለት ይቃጣል። ግማሹ በአሮጌ፣ ግማሹ በአዲስ ሁኔታ ላይ ያለ ሰርቨር ነውና ተጠቃሚ እንዲገባበት አይፍቀዱ። የአድራሻው ለውጥ አጭር ሥራ ስለሆነ ጨርሰው ይክፈቱት።

ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ቢገኝ፣ የመጫኛውን ሎግ በፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ በ130፣ በሴትአፕ ቡትስትራፕ ሥር ባለው የሎግ ፎልደር ያገኙታል፤ በዚያ ያለው ሰመሪ የተባለ የጽሑፍ ፋይል የትኛው ክፍል እንደተሳካና የትኛው እንዳልተሳካ ለይቶ ያሳያል። ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል። ከ2008ቱ ምርት ጀምሮ ሰርቪስ ፓክ በዊንዶውስ የተጫኑ አፕዴቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ሊነቀል ስለሚችል፣ ሶፍትዌሩን በሙሉ ማጥፋት የመጨረሻው አማራጭ እንኳ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከባቲ፣ ከአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር። የአባላት ሒሳብ ኤክስፕረስ በተባለው የኤስኪውኤል ሰርቨር ነጻ እትም ላይ ነው የምንይዘው። ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ መብራትም ሳይታሰብ ይጠፋል። አንድ ወዳጃችን ሰርቪስ ፓኩን ከደሴ በፍላሽ ላምጣላችሁ ይላል። ይሆናል? ሥራ ስለሌለን እሑድ ማታ ልንጭነው አስበናል።

መልስ፦ ሰርቪስ ፓክ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ያው የ2016 ሰርቪስ ፓክ ለስታንዳርድም ለኤክስፕረስም ይሠራል። በፍላሽ መምጣቱ በራሱ ችግር የለውም፤ ችግሩ ፍላሹ በስንት ኮምፒዩተር ላይ እንደተሰካ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ ወዳጃችሁ ፋይሉን ከማይክሮሶፍት ገጽ ላይ ያውርድ እንጂ ከሰው አይቀበል፤ እናንተም ከመክፈታችሁ በፊት በፋይሉ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ ንብረቶቹን በመክፈት፣ ዲጂታል ፊርማ በሚለው ገጽ ላይ ፈራሚው ማይክሮሶፍት ኮርፖሬሽን መሆኑንና ፊርማው ትክክል መባሉን እዩ። የፊርማ ገጽ የሌለው ወይም ፊርማው የተበላሸ ፋይል ይጣል። በጽሑፋችሁ ባይኖርም እንጨምር፦ የአባላት ገንዘብ የሚመዘገብበት ሰርቨር ላይ የተሰበረ ሶፍትዌር (ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ቅጂ) አይጫን። ኤክስፕረስ በራሱ ነጻ ስለሆነ ለዚያ የሚያበቃ ምክንያትም የለም። ኤክስፕረስ አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት እንዲያልፍ አይፈቅድምና፣ የፋይላችሁን መጠን በዚሁ አጋጣሚ ተመልከቱ።

መብራትን በተመለከተ፣ ሰርቨሩ በዩፒኤስ ላይ ሳይሆን አትጀምሩ፤ ጄኔሬተር ካለ ሥራው ሳይጀመር በፊት ተነሥቶ ይሞከር። መብራት በመጫኑ መሐል ቢጠፋ ግማሹ የፕሮግራም ፋይል አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ መጫኛው ሲከፈት ኢንስታንሱን (በኮምፒዩተሩ ላይ የተተከለውን ኤስኪውኤል ሰርቨር) ያልተሟላ ብሎ ስለሚያሳየው፣ ያንኑ ሰርቪስ ፓክ እንደገና በማስኬድ ይጠናቀቃል። የአባላት ሒሳብ ያለበት ዳታቤዝ ግን እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ በሎግ ፋይሉ ላይ የሚጽፍ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ሲነሣ ከሎጉ አንብቦ ራሱን ያስተካክላል፤ ይህ ቢሆንም ባክአፕ ሳትይዙ አትጀምሩ። በኤክስፕረስ ውስጥ ባክአፕን በራሱ ሰዓት የሚያስኬደው ኤጀንት ስለሌለ፣ እስከ ዛሬ በራሱ እየተወሰደ ነው ብላችሁ ካሰባችሁም አረጋግጡ።

እሑድ ማታን ግን አንመክርም። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። በገበያው ቀን አባላት ገንዘብ ሊያስገቡና ሊያወጡ ሲመጡ፣ እሑድ ሌሊት የተበላሸ ነገር ቢኖር ለማስተካከል የሚቀራችሁ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ማክሰኞ ማታ ብትጀምሩ እስከ ቀጣዩ ገበያ ድረስ ብዙ ቀን ይኖራችኋል፤ ረቡዕ ጠዋት የሚመጡትን ጥቂት አባላትም በወረቀት ደረሰኝ ማስተናገድ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምማር የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ኤስኪውኤል ሰርቨር 2019 አለ። ሰርቪስ ፓኩን ብፈልግ ላገኘው አልቻልኩም። ሌሎቹ የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች፣ ኦራክልና ፖስትግሬስስ፣ እንዴት ነው የሚታረሙት?

መልስ፦ ያላገኙት ስለሌለ ነው። ከ2017ቱ ምርት ጀምሮ ማይክሮሶፍት ሰርቪስ ፓክ ማውጣት ትቷል፤ መስከረም 2014 ዓ.ም. የወጣው የ2016ቱ ሰርቪስ ፓክ 3 የመጨረሻው ነው። በእርሱ ቦታ የተተካው ኩሙሌቲቭ አፕዴት ነው፤ እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሁሉ ይይዛል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን መጫን ብቻ ይበቃል። ከዚህ ጎን ጂዲአር የሚባል ጠባብ መንገድ አለ፤ በእርሱ በኩል የሚመጡት በዋናነት የደህንነት እርማቶች ብቻ ናቸው። አንድ ኩሙሌቲቭ አፕዴት የተጫነበት ሰርቨር ካልተነቀለለት በቀር ወደ ጂዲአር መንገድ አይመለስም፤ ቀጣዮቹን የደህንነት እርማቶችም በዚያው በኩሙሌቲቩ መንገድ ይቀበላል። የልምምድ ቦታዎ የትኛውን መንገድ እንደሚከተል ጠይቀው ይወቁ፤ ማንም መልስ ከሌለው፣ ይህንኑ አጣርቶ መጻፍ ራሱ ጥሩ የልምምድ ሪፖርት ይሆናል።

ኦራክል እርማቶቹን በየሦስት ወሩ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የዓመቱ የመጀመሪያ፣ አራተኛ፣ ሰባተኛና አሥረኛ ወር ላይ ያወጣል፤ የሚጫኑትም ኦፓች በሚባል መሣሪያ ነው። ፖስትግሬስ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ንኡስ እትም ያወጣል፤ በአንድ ዋና እትም ውስጥ እስካሉ ድረስ ዳታውን ማውጣትና መመለስ ሳያስፈልግ የፕሮግራሙን ፋይሎች ተክቶ ሰርቨሩን ማስነሣት ብቻ ይበቃል። ጤና ሚኒስቴር ለጤና መረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚሠራው በፖስትግሬስ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ማወቅ በጤና ተቋማት ለሚሠሩ አንባቢያንም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ከላሊበላ፣ ከአንድ ሆቴል። ሒሳባችንን የምንይዘው በፒችትሪ ነው። እኛንም ሰርቪስ ፓክ ይመለከተናል?

መልስ፦ ፒችትሪ የሚሠራው ፐርቫሲቭ በተባለ ሌላ ዳታቤዝ ላይ ስለሆነ የኤስኪውኤል ሰርቨር ሰርቪስ ፓክ እርሱን አይነካውም። የክፍል መያዣና የሬስቶራንት ሽያጭ ፕሮግራም ካላችሁ ግን፣ ኤክስፕረስን አብሮ ተክሎላችሁ ሊሆን ይችላል። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶውስ ሰርቪሶችን ዝርዝር ከፍታችሁ ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚል ስምና በቅንፍ የኢንስታንስ መጠሪያ ያለው መስመር ካያችሁ፣ ከላይ ለባቲው ማኅበር የጻፍነው ሁሉ እናንተንም ይመለከታል። ፕሮግራሙን የሸጠላችሁ ድርጅት የትኛውን ሰርቪስ ፓክ እንደሚደግፍ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሥራውም ለገና እንግዳ በሚጎርፍበት በታኅሣሥ አይሁን።